ከካቡ ውስጥና ከካቡ ውጭ፦ በደቡብ ጎንደር የአጸድ ደኖችን በድንጋይ የማጠር ሥራ ሲመዘን

ከወረታ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ የሚጓዝ ሰው በመኪናው መስኮት የሚያየው መሬት ከሞላ ጎደል የታረሰ ነው። ጤፉ፣ ገብሱ፣ ባቄላውና ድንቹ እየተፈራረቁ እስከ ተራራው ወገብ ይወጣሉ፤ ማረሻ ያልደረሰበት ቦታ ቢኖር ገደሉና የወንዙ ዳር ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ክብ ደን ጉብ ብሎ ይታያል፤ ከመካከሉም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። ይህ ደን አጸድ ይባላል። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 የሚበልጡ የአጸድ ደኖች እንዳሉ ከሳተላይት ምስል ተቆጥሮ ተረጋግጧል። አማካይ ስፋታቸው አምስት ሄክታር ገደማ ነው፤ በደራ ወረዳ እንዳለው እንደ ገላውዴዎስ ያለ 100 ሄክታር የሚጠጋ ደን ብርቅ ነው።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከእነዚህ ደኖች ብዙዎቹን በድንጋይ ካብ የማጠር ሥራን ነው። ሥራው ከመንግሥት የልማት ዕቅድ የመነጨ አይደለም። የደን ተመራማሪዎች፣ የደብር አስተዳዳሪዎችና ከአጸዱ ጋር ድንበርተኛ የሆኑ ገበሬዎች ተነጋግረው ያመጡት መላ ነው። በአንድ በኩል ውጤቱ በዓይን የሚታይ ስለሆነ በየመድረኩ ይወደሳል። በሌላ በኩል ግን ካቡ ያልመለሳቸው፣ እንዲያውም ራሱ ያስነሳቸው ጥያቄዎች አሉ፤ የኔ ትኩረት በይበልጥ ወደ እነዚህ ያደላል።

ደኑ ለምን ቆየ?

አጸዱ ለዘመናት የኖረው ስለ ዛፉ ተብሎ አይደለም። ምእመኑ የሚጠብቀው ታቦቱን ነው፤ ዛፉ የታቦቱ ልብስ ስለሆነ አብሮ ተጠበቀ። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን እርቃኑን እንደቆመ ሰው ይቆጠራል። በልማድ ከቤተ መቅደሱ ዙሪያ እስከ 40 ክንድ ያለው ስፍራ ልዩ ክብር አለው፤ ከዚያም ባሻገር ያለው ዛፍ በውግዘት ይጠበቃል። የዘበኛ ደመወዝ ያልተከፈለበት፣ የደን ሕግ ያልተጠቀሰበት ጥበቃ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ርስትና ጉልት ሲያነሳ፣ ለብዙው ደብር በእጁ የቀረው አጸዱና በዙሪያው ያለች ጥቂት መሬት ነበረች። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ይያዝልን።

በየጉባኤው «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች» የሚል አባባል ይደጋገማል። የታሪክ ተመራማሪዎች ይህ አኃዝ ማስረጃ እንደሌለው ጽፈዋል፤ እኔም እዚህ ልጠቀምበት አልፈልግም። ለደቡብ ጎንደር ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አለን። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2015 ከታየው ገጽታ ጋር ተነጻጽረዋል። ንጽጽሩ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነገር አሳይቷል፤ አገሩ ያን ጊዜም በአብዛኛው የእርሻና የግጦሽ አገር ነበር፣ የአጸዶቹም ስፋት ያን ያህል አልተለወጠም። የጠፋው በአጸዱና በእርሻው መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ነው። ቀድሞ ደኑ ቀስ በቀስ እየሳሳ ወደ አጋምና ወደ ቀጋ፣ ከዚያም ወደ ሣር ይሸጋገር ነበር፤ ዛሬ ግን ከዝግባው ሥር በአንድ እርምጃ ወደ ትልም ይወጣል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሌላ ነገር ቢኖር ባሕር ዛፉ ነው።

እንግዲህ ደኑ በስፋት አልጠበበም ከተባለ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ዕድሜው ላይ ነው።

ሽማግሌ እንጂ ጎረምሳ የሌለበት ደን

ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የአጸድ ደኖችን ፈትሸዋል። (አንባቢ በልብ ወለድ ድርሰቶቻቸው ያውቃቸው ይሆናል፤ ዋና ሙያቸው ግን የደን ሥነ ምህዳር ነው።) በእነዚህ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል፤ ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም አገር በቀል ናቸው። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሎል፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ እሼ፣ ሰሳ የመሳሰሉት ይገኙበታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከአጸድ ውጭ በአካባቢው እምብዛም የማይገኙ ሆነዋል።

የጥናቱ ከባዱ ክፍል ግን የዝርያ ቆጠራው አይደለም። ተመራማሪዎቹ የአጸዱን አፈር ወስደው በውስጡ ምን ዘር ተኝቶ እንደሚጠብቅ ሲመረምሩ የበዛው የሣርና የአረም ዘር ሆኖ ተገኘ፤ የአብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። አንድ ዝግባ ዘሩን ጥሎ ያ ዘር በዚያው ጊዜ ካልበቀለ፣ በቅሎም ካልተረፈ፣ ዛፉ ሲወድቅ የሚተካው ከመሬት የሚነሳ የለም። የተመነጠረ መሬት ተከልሎ ስለተተወ ብቻ ጥድና ዝግባ ይመለሱበታል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው፤ ዘሩ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፣ በዞኑ ደግሞ ያ ሌላ ቦታ አጸዱ ራሱ ነው።

ታዲያ ዘሩ ለምን አይተርፍም? ዋነኛው መልስ ከብት ነው። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ሁሉ ልቅ ግጦሽ ይሆናል፤ ከጥር ወዲያ ገለባው እየሳሳ፣ የሜዳው ሣር እየደረቀ ሲሄድ በአገሩ ላይ የሚለመልም ነገር የሚቀረው አጸዱ ውስጥ ነው። እረኛውም ከብቱን ወደዚያው ያስጠጋል። ውግዘቱ መጥረቢያን እንጂ ላምን አይመለከትም፤ የካህናቱም የራሳቸው ከብት እዚያው ይገባል። ላሟ ቡቃያውን ብቻ አትበላም፤ መሬቱን ረግጣ ታጠነክራለች፣ የወደቀው ዘርም ሥር የሚሰድበት አፈር ያጣል። ተመራማሪዎቹ የጥድ፣ የወይራ፣ የሎልና የጥቁር እንጨት ዘርና ችግኝ ከግጦሽ በተከለለና ባልተከለለ ቦታ አነጻጽረው ሲከታተሉ፣ በተከለለው ቦታ መብቀሉም መትረፉም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ባልታጠረ አጸድ ውስጥ የሚዘዋወር ሰውም ይህንኑ ያለ መሣሪያ ያያል፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ሽማግሌ ዛፍ አለ፣ ከዝናብ በኋላ የጣት ርዝመት ያላቸው ቡቃያዎች አሉ፣ በመካከል ግን እንደ ሰው ቁመት ያለ ጎረምሳ ዛፍ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ለምን ድንጋይ?

ከብትን ለመከልከል ሽቦ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከተተከለም በኋላ እየተነቀለ ለሌላ አገልግሎት መዋሉ አይቀርም። የእሾህ አጥር በየዓመቱ መታደስ ስላለበት እሾሁ የሚቆረጠው ከዚያው ከሚጠበቀው ደን ዳር ይሆናል፤ ልብሱን ለመጣፍ ልብሱን መቅደድ ማለት ነው። የቁልቋል ሕያው አጥር ጥሩ ነበር፣ ግን እስኪደርስ ድረስ ከብቱ አይጠብቅም። ድንጋይ ግን በአካባቢው ሞልቷል። ሞልቷል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ተቀምጦ ማረሻ የሚሰብር፣ በሬ የሚያደናቅፍ ባላጋራ ነው።

በኔ ግምት ሥራውን ያስቻለው ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ደብሩ አጥር ይፈልጋል፣ ገበሬው ድንጋዩ ከማሳው እንዲነሳለት ይፈልጋል፤ ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ሥራ ተገናኙ። ለደን ጥበቃ «ማኅበረሰቡን እናሳትፍ» የሚሉ ዕቅዶች ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት ተሳታፊው ከሥራው ምን እንደሚያገኝ ሳይጠየቅ ስለሚጀመሩ ነው። እዚህ ላይ ገበሬው የሰጠው ጉልበትና ድንጋይ ዋጋ ያለው አስተዋጽኦ ቢሆንም ድንጋዩ ለእርሱ ራሱ ሸክም ነበር። ከውጭ የተገኘው እርዳታ፣ በተለይም አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከዶ/ር ዓለማየሁ ጋር በመተባበር ያሰባሰቡት ገንዘብ፣ ሥራውን አፋጥኖታል፤ ቁሳቁሱና ዕውቀቱ ግን የአገሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ይገባል። ድንጋይ ሁሉ ከማሳ ቢለቀም እርሻው ይሻሻላል ማለት አይደለም። ተዳፋት ላይ ያለ ጠጠር የዝናብን ጉልበት ይሰብራል፣ ጎርፍን ያዘገያል፣ የአፈርን እርጥበት ይይዛል። ልምድ ያለው ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ትልልቁን ያነሳና ጠጠሩን ይተወዋል። ለካብ የሚሆነውም ትልልቁ ስለሆነ በአብዛኛው ነገሩ ተስማምቷል፤ ቀና ልብ ያለው አስተባባሪ ግን «ማሳችሁን አጽዱ» እያለ ጠጠሩንም ካስለቀመ ጥቅም አደረግሁ ብሎ ጉዳት ያደርሳል።

ካቡ የሚሠራው ያለ ሲሚንቶ ነው። ከሥሩ ሰፋ ተደርጎ ትልልቁ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ከዚያ በሁለት ፊት እየተካበ መሐሉ በጠጠር ይሞላል፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መገጣጠሚያ ላይ እየተቀመጠ ደረት አካባቢ ይደርሳል። አልፎ አልፎ ረጅም ድንጋይ ከፊት ወደ ኋላ ተሻግሮ ሁለቱን ፊቶች ያያይዛል። ሲሚንቶ የሌለው መሆኑ ጉድለት ሳይሆን ብልሃት ነው፤ የክረምት ጎርፍ በየቀዳዳው ሾልኮ ያልፋል እንጂ ካቡን አይገፋም፤ የተናደም ቢኖር የመንደሩ ሰው ራሱ መልሶ ይክበዋል። እርከን ሲሠራና የበረት ዙሪያ ሲከብ የኖረ ገበሬ ይህን ለመማር ሥልጠና አያስፈልገውም። ካቡ የማያግደው ፍየልን ነው። ፍየል ቆማ ታየዋለች፣ ከዚያ ትወጣዋለች።

የካቡ መሥመር የት ይለፍ?

ከድንጋዩ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው መሥመሩ ነው። ካቡ ከዛፎቹ ግንድ ሥር ከተካበ ደኑ ባለበት ይቀራል፤ ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ ከተካበ ግን በመካከሉ የሚቀረው ባዶ ስፍራ ቡቃያ የሚያድግበት፣ ያ የጠፋው ቁጥቋጦ የሚመለስበት ይሆናል። ሥራውን የጀመሩት ሰዎች የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ያቺ ጥቂት ሜትር ግን የማን ናት? ገበሬው በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ውስጥ እየገፋ ያረሳት ልትሆን ትችላለች፤ ወይም አባቱ ያርሳት የነበረች፣ ዛሬ በእርሱ የይዞታ ደብተር ላይ የሰፈረች።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 46/1992 ከወጣና የይዞታ ምዝገባ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥያቄ በወረቀት መልስ ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። ወረቀት ግን ድንበርተኛ እነ እገሌ ናቸው ይላል እንጂ ድንበሩ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚያልፍ ብዙ ጊዜ አይናገርም። ስለዚህ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሰበካ ጉባኤው፣ ድንበርተኞቹና የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አብረው ይዞራሉ፤ ችካል ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ ካቡ ይነሳል። አንድ ጊዜ ከተካበ ካቡ ራሱ ምስክር ነው። ትልም በሌሊት ይገፋል፤ ካብ በሌሊት አይገፋም። ለደብሩ ይህ ጥቅም ከችግኙ እኩል ዋጋ አለው፤ እንዲያውም አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ካቡን የሚወዱት ከዛፉ ይልቅ ለድንበሩ ብለው ይመስለኛል። በዚያ ምክንያት ግን ዛፉ አልተጎዳም።

የተገኘውና ያልተገኘው

ካብ ያላቸውንና የሌላቸውን አጸዶች ያነጻጸረ ጥናት በታጠሩት ውስጥ የዛፍ ችግኝ በቁጥር በዝቶ አግኝቷል። ከብት ሲቀር ቡቃያው ይተርፋል፤ ውጤቱም የተጠበቀው ነው። ይሁን እንጂ በዞኑ ከ40 በላይ የአጸድ ደኖችን የቃኘ ሌላ ጥናት ካብ ሊያቆመው የማይችለውን ጉዳት ዘርዝሯል፤ በየአቅጣጫው የተከፈተ የእግር መንገድ፣ እየሰፋ የሄደ መቃብር፣ ለአዳዲስ ሕንፃዎች የተመነጠረ ገላጣ ስፍራና በአጸዱ ውስጥ የተተከለ ባሕር ዛፍ በትንሹም በትልቁም ደን ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ የሚመጣው በበሩ በኩል፣ በፈቃድ ነው።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ ካህናቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ጉልቱን ያጣ ደብር ለጧፍ፣ ለዕጣንና ለዘቢብ፣ ለጣሪያው ቆርቆሮም ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ አገልጋዮቹም ራሳቸው አራሽ ናቸው፣ የያዙትም መሬት ጠባብ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገር ደርሶ ይሸጣል፣ ሲቆረጥም ያቆጠቁጣል። ዝግባ ግን የሚደርሰው ለልጅ ልጅ ነው። ከሥሩ ሌላ የማያበቅለውን ዛፍ ከአጸድ እንዲወጣ የሚጠይቅ ሰው በምትኩ ለደብሩ የሚገባ ገቢ ይዞ መምጣት አለበት። ገቢው ከደኑ ራሱ ሊገኝ ይችላል። ንቦች ከአጸዱ አበባ ስለሚቀስሙ ዘመናዊ ቀፎ በካቡ ውስጥ ጠርዝ ማኖር አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ዘር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ የችግኝ ጣቢያዎች የአገር በቀል ዛፍ ዘር ይፈልጋሉ፤ በዞኑ የጥቁር እንጨትና የዝግባ ዘር በብዛት የሚገኘው ደግሞ በአጸድ ውስጥ ነው። ደብሩ ለዘሩ ቢከፈለው የዛፉ ቆሞ መኖር እንደ ባሕር ዛፉ ግንድ በመዝገብ የሚጻፍ ገቢ ይሆናል። እስካሁን ዘሩ በአብዛኛው የሚለቀመው በነጻ ነው።

ከሁሉ በላይ ያልተመለሰው ግን የላሟ ጥያቄ ነው። ካቡ ሲዘጋ ላሟ አልጠፋችም፤ ወደ ሌላ ቦታ ሄደች። ወዴት? መሬትና ገለባ ያለው ገበሬ ከብቱን በረት አስሮ ይቀልባል። በአጸዱ ላይ ተመክታ የነበረች፣ መሬቷን በእኩል ሰጥታ ሁለት በግና አንዲት ላም ይዛ የምትኖር መበለት ግን ገለባውም የላትም። የእርሷ ላም አንድም ወደ ወንዝ ዳር፣ አንድም በጥርና በየካቲት ዘመቻ እርከን ወደተሠራበት ተዳፋት ትወጣለች፤ እዚያም አዲስ የተሠራ እርከን ትንዳለች። አፈሩም በጉማራና በርብ ወንዞች አድርጎ ጣና ይገባል። ስለ አጸዱ የሚጻፉ ዘገባዎች የካቡን ርዝመት በሜትር ይነግሩናል እንጂ የእነዚህን ቤቶች ቁጥር ሲነግሩን አላየሁም። ለእኔ የሥራው መለኪያ መሆን የነበረበት ይህ ነው።

መልሱ ግን ሩቅ አይደለም፤ ካቡ ውስጥ በቅሏል። ከብት በተከለከለ በሁለትና በሦስት ክረምት በካቡና በዛፎቹ መካከል ያለው ስፍራ ሣር ይለብሳል። ይህ ሣር ካልታጨደ ቡቃያውን አፍኖ ይይዘዋል፣ በበጋም እሳት ይጠራል። ከታጨደ ግን መኖ ነው። በተከለሉ የወል መሬቶች ላይ የተለመደው «አጭዶ መሸከም» እዚህም ሊሠራ ይችላል፤ ሰበካ ጉባኤው ከመስቀል በኋላ የማጨጃ ቀን ቆርጦ፣ ቡቃያ ባለበት ሁሉ ችካል አስተክሎ፣ ሣሩን በሸክም ቢያከፋፍል፣ ከብት የነበራቸውና መሬት የሌላቸው ቤቶችም ቅድሚያ ቢያገኙ።

ባለፈው ጥቅምት በፋርጣ በኩል አንድ አጸድ ጎብኝቼ ነበር። ካቡ የተሟላ ነው፤ በእንጨት የተሠራው በር በጠፍር ታስሯል። በውስጡ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ፣ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ለፈለገ ሰው ክንድ የሚያክል የጥቁር እንጨት ችግኝ እዚህም እዚያም ይገኛል። አብረውኝ የነበሩት ቄሰ ገበዙ ማጭድ እንዳይገባ ተከልክሏል አሉኝ፤ ደኑ ቅዱስ ስለሆነ ነው። ከካቡ ውጭ አንዲት ቀይ ላም አንገቷን ዘርግታ በድንጋዩ ቀዳዳ የወጣውን ሣር ትነጭ ነበር። ያቺ ላም የማን እንደሆነች ጠየቅኋቸው፤ «የጎረቤታችን ናት፣ መሬት የላቸውም» አሉና ቀና ብለው ሣሩን አዩት። ማጨዱን በሚቀጥለው ሰንበቴ ከሰበካ ጉባኤው ጋር እንነጋገርበታለን ብለውኛል።